ኮከቡ ተጫዋች ለምን የውሸት ፍቅረኛ ይይዛል?

ታሪኩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ። እሱ የግቢው ኮከብ ተጫዋች ነው። የማያውቀው የለም፤ የትምህርት ውጤቱ ግን ያሳፍራል። እሷ ቀለሜዋ ናት። ከላይብረሪ አትወጣም፣ ስፖርት አይገባትም፣ እሱን ደግሞ ጭራሽ ማየት አትፈልግም። አንድ ቀን ሁለቱም ይቸገራሉ። እሱ አልለቅህ ያለችውን የቀድሞ ፍቅረኛውን ማራቅ ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ልቧ የከጀለው ሌላ ልጅ ዞር ብሎ እንዲያያት ትፈልጋለች። «ለአንድ ሴሚስተር ፍቅረኛሞች እንምሰል» ይባባላሉ። ሕግ ያወጣሉ። ሕጉን አንድ በአንድ ያፈርሱታል። በመጨረሻው ጨዋታ ቀን ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ እያየ ይሳሳማሉ።

ይህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ቡክቶክ በሚባለው የቲክቶክ የመጽሐፍ ወዳዶች መንደር ገንኖ እኛም ጋ ደርሷል። አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ ካፌ ውስጥ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ብቻዋን ፈገግ የምትል ተማሪ ካያችሁ፣ በቴሌግራም የተላከላትን ፒዲኤፍ እያነበበች ሊሆን ይችላል። (ደራሲዋ ከዚያ ፒዲኤፍ ሰባራ ሳንቲም አታገኝም። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ለዘውጉ አዲስ የሆነ ሰው ግን ግራ ይገባዋል። ቢሯችን ውስጥ አንድ የቡና ክለብ ደጋፊ የሆኑ ጋሼ አሉ። ታሪኩን ስነግራቸው ሁለት ነገር ጠየቁኝ። «ተጫዋች ከሆነ ዩኒቨርሲቲ ምን ይሠራል? ደግሞስ ከወደዳት ለምን አይነግራትም?» ሁለቱም ጥያቄዎች ዋናውን ነገር የሚነኩ ናቸው።

በመጀመሪያው እንጀምር። እኛ ጋ ተጫዋች የክለብ ነው። ጊዮርጊስ፣ ቡና፣ ንግድ ባንክ፣ መቻል እያልን ነው የምንጠራው። ሯጮቻችንም የሚሮጡት ለባንክ፣ ለመከላከያ፣ ለማረሚያ ቤቶች ክለብ ነው። ስፖርቱ ዩኒቨርሲቲ ግቡ አይልም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ አንዱን የያዘ ሌላውን ይተዋል።

አሜሪካ ውስጥ ግን ወደ ትልቁ ሊግ የሚያስገባው ዋና መንገድ በዩኒቨርሲቲ በኩል ያልፋል። ኤን ኤፍ ኤል፣ ማለትም የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ፣ ተጫዋቹ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጣ ሦስት ዓመት ካልሞላው አይቀበለውም። የቅርጫት ኳሱ ኤን ቢ ኤ ደግሞ አሜሪካዊ ተጫዋች 19 ዓመት እንዲሞላውና ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲያልፈው ይፈልጋል። ታዲያ ልጁ እስከዚያ የት ይጫወት? አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ስኮላርሺፕ ያገኛል፣ በቴሌቪዥን ይታያል፣ የዩኒቨርሲቲው ስም በደረቱ ላይ ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻውን ከ107,000 በላይ ሰው ይይዛል። ተማሪዎች የሚጫወቱበት ሜዳ ከአዲስ አበባ ስታዲየም ከእጥፍ በላይ ሕዝብ ያስቀምጣል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው ኤን ሲ ኤ ኤ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1906 የተመሠረተ ማኅበር ነው። የማኅበሩ አቋም ተጫዋቹ በቅድሚያ ተማሪ ነው የሚል ነው። ስለዚህ ውጤት ይጠየቃል። በትልቁ ዲቪዚዮን፣ መመረቂያው ጂፒኤ 2.0 በሆነበት ዩኒቨርሲቲ፣ ተጫዋቹ ሁለተኛ ዓመት ሲጀምር 1.8፣ ሦስተኛ ዓመት ሲጀምር 1.9፣ አራተኛ ዓመት ሲጀምር 2.0 ሊኖረው ይገባል። ከዚያ ከወረደ አይሰለፍም። እኛ ጋ 2.0 ያላመጣ ተማሪ ዋርኒንግ ይመታዋል፣ ሲብስም ይባረራል። እዚያ ደግሞ የመጨረሻው ጨዋታ ያመልጠዋል፤ መላው ግቢም በእሱ ያዝናል።

ቀለሜዋ ልጅ ወደ ታሪኩ የምትገባው በዚህ በር ነው። አስጠኚው ትሆናለች። ደራሲዎቹ አስጠኚ ገጸ ባሕርይ የሚያበዙት ሐሳብ አጥሯቸው አይመስለኝም። ሕጉ ራሱ ነው ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጣቸው።

ከስፖርቶቹ ሁሉ አይስ ሆኪ በዚህ ዘውግ ውስጥ መብዛቱ ለእኛ አንባቢ ይገርማል። በረዶ ላይ ስለት በተገጠመለት ጫማ እየተንሸራተቱ፣ እየተጋጩ፣ ጥርስ እያወላለቁ የሚጫወቱት ጨዋታ ለፍቅር ታሪክ ይመረጣል ብሎ ማን ይጠብቃል? ነገር ግን ምክንያት አለው። የሆኪው ሊግ ኤን ኤች ኤል አንድን ልጅ ገና በ18 ዓመቱ መርጦ የራሱ ሊያደርገው ይችላል፤ ልጁ ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መጫወቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ባለታሪኩ የነገ ሕይወቱ በግማሽ የተጻፈ፣ የዛሬው ደግሞ ዶርም ውስጥ የሆነ ሰው ነው። ብዙዎቹ የሆኪ ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት በወጣቶች ሊግ አንድ ሁለት ዓመት ስለሚያሳልፉ በዕድሜም ከክፍል ጓደኞቻቸው ከፍ ይላሉ። ለደራሲ ይህ የተዘጋጀ ማዕድ ነው።

ገንዘቡም ታሪኩን ይለውጣል። እስከ 2021 ድረስ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ክልክል ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተፈቀደ። በ2025 ደግሞ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ለተጫዋቾቹ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ እንዲያከፋፍል መንገድ ተከፈተ። በፊት በነበሩት ታሪኮች ልጁ ዝነኛ ግን ኪሱ ባዶ ነበር። የዛሬው ልጅ ስፖንሰር አለው። ስፖንሰር ያለው ሰው ደግሞ ስም መጠበቅ አለበት። በየጭፈራ ቤቱ ፎቶ የሚነሳ ልጅ «ረጋ ያለች ፍቅረኛ ያዝ» ቢባል ያስኬዳል። የውሸቱ ምክንያት ከቅናት ወደ ሥራ ዞረ ማለት ነው። እኔ አዲሱን ምክንያት እመርጣለሁ። የቀድሞ ፍቅረኛን ለማስቀናት ብሎ አራት ወር የሚዋሽ ሰው አይታመነኝም፤ ለውል ሲል የሚዋሽ ግን ሞልቷል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ከወደዳት ለምን አይነግራትም? ገና ስላልወደዳት ነዋ! የደራሲዋ ራስ ምታት እዚህ ላይ ነው። የማይዋደዱ፣ ሰዓታቸው የማይገጥም ሁለት ሰዎችን 300 ገጽ አንድ ላይ ማቆየት አለባት። የኤን ሲ ኤ ኤ ሕግ በውድድር ወቅት ልምምድን በሳምንት 20 ሰዓት ላይ ይገድባል፤ የጉዞው ሰዓት ግን አይቆጠርም። እንዲህ የተወጠረ ልጅ ከማያውቃት ሴት ጋር ማኪያቶ ለመጠጣት ጊዜ የለውም። የውሸት ፍቅር ግን ቀጠሮውን ግዴታ ያደርገዋል። በየጨዋታው መምጣት አለባት። በየግብዣው አብረው መታየት አለባቸው። ሰው እንዲያምናቸው የእናቷን ስም፣ የሚያስለቅሰውን ዘፈን፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ማወቅ አለባቸው። ሲዋደዱ ወራት የሚፈጀው መተዋወቅ ለፈተና እንደሚጠና ነገር በአንድ ሌሊት ይጠናቀቃል።

ሕጎቹን ልብ በሏቸው። ሰው በሌለበት መነካካት የለም። እውነቱ ለማንም አይነገርም። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ነገሩም ያልቃል። መዋደድ ክልክል ነው። ልምድ ያላት አንባቢ ይህን ዝርዝር ስታይ ቀሪው መጽሐፍ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። እያንዳንዱ ሕግ በተራው ይፈርሳል። የሚያጓጓው መፍረሱ አይደለም፤ ማን ቀድሞ፣ የት፣ በምን ሰበብ የሚለው ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ገጽ ተመልካች የሌለበት ነው። ማስመሰል የሚያይ ሰው ይፈልጋል። ጓደኞቹ ካሉ ቦርሳዋን ቢይዝላት ድርሰት ነው። ኮሪደሩ ባዶ ሆኖ ቦርሳዋን ከያዘላትስ? ከሌላ ከተማ ጨዋታ ሲመለስ ሌሊት «ደረስክ?» ብላ ብትጽፍለትስ? ማንም አላያትም። ማንም አላዘዛትም። ጎበዝ ደራሲ ይህን ገጽ ዝም ብላ ትጽፈዋለች፤ ገጸ ባሕርይዋ «አሁንስ እውነት እየሆነ ነው» ብላ እንድታስብ አታደርግም። አንባቢዋ ቀድማ ታውቀዋለች። ደካማ ደራሲ ግን ሦስት አንቀጽ ታስረዳናለች።

ሰው የሚያስመስለውን ነገር መሆን ይጀምራል ወይ? ይህን በተመለከተ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሊዮን ፌስቲንገርና ጄምስ ካርልስሚዝ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አንድ ሰዓት ያህል እጅግ አሰልቺ ሥራ አሠሩ። ከዚያ ለሚቀጥለው ሰው «ሥራው ደስ ይላል» ብለው እንዲዋሹ ጠየቋቸው። ለዚህ ውሸት ገሚሶቹ 1 ዶላር፣ ገሚሶቹ 20 ዶላር ተከፈላቸው። በኋላ የእውነት ስሜታቸው ሲጠየቅ፣ ሥራውን በተሻለ ሁኔታ ወደድነው ያሉት 1 ዶላር የተከፈላቸው ናቸው። 20 ዶላር ያገኘው ሰው ለምን እንደዋሸ ያውቃል፤ ለገንዘቡ ነው። 1 ዶላር ያገኘው ግን ለውሸቱ በቂ ምክንያት ስለሌለው፣ ሐሳቡን ወደ ተናገረው ነገር ያስጠጋል።

ሙከራው ስለ ፍቅር አልነበረም፤ አሰልቺ ሥራና ጥቂት ዶላር ነው። ግን መጽሐፍ ለመመዘን ይረዳል። ልጅቷ የዓመት የትምህርት ክፍያዋ ከተሸፈነላት አብራው የምትሆነው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ለእሷም ለእኛም። ጥቅሟ ትንሽ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ወደ ቤቷ በመኪና እንዲያደርሳት ብቻ ከሆነ፣ አምስተኛው ሳምንት ላይ ራሷን መጠየቅ ትጀምራለች። «ለዚህች ብዬ ነው እንዴ ብርድ ላይ ቁጭ ብዬ የማይገባኝን ጨዋታ የማየው?» ታሪኩ ከዚያ በኋላ ነፍስ ይዘራል።

የዘውጉ ሌላው ምሰሶ ተቃራኒዎች ይሳሳባሉ የሚለው ነው። ተጫዋችና ቀለሜ፣ ጨዋታ አዋቂና ዓይን አፋር፣ ሀብታምና ደሃ። እዚህ ላይ ሳይንሱ ከልብ ወለዱ ጋር አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሮበርት ዊንች የተባለ የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሰው የጎደለውን የሚሞላለትን ይመርጣል ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሰበሰበው ማስረጃ በአብዛኛው ወደ ሌላው ወገን ያደላል። በ2023 የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀደሙ ጥናቶችንና 80,000 ገደማ የሚሆኑ የብሪታንያ ጥንዶችን መረጃ መረመሩ። ከተመለከቷቸው ባሕርያት ከ82 እስከ 89 በመቶ በሚሆኑት ላይ ጥንዶቹ የሚመሳሰሉ ሆነው ተገኙ። በትምህርት ደረጃ፣ በፖለቲካና በሃይማኖት አመለካከት፣ በመጠጥና በሲጋራ ልማድ ሰው መሰሉን ይመርጣል። መቃረን ከታየባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ የእንቅልፍ ሰዓት ነው። አንዱ በጠዋት ተነሺ፣ ሌላው ሌሊት አምሺ። ያውም ዝንባሌው ደካማ ነው።

ቢሆንም ይህቺ ደስ ትላለች። እነዚህ መጻሕፍት አብዝተው የሚጠቀሙባት ተቃርኖ ራሷ ናትና። እሱ ንጋት ላይ ለልምምድ ሲወጣ እሷ ገና ከላይብረሪ እየተመለሰች ነው፤ በር ላይ ይገናኛሉ።

እንግዲህ መጻሕፍቱ ዋሹ ማለት ነው? ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ጥሩዎቹ አልዋሹም። የሚቃረነው ላዩ ነው። ልብሱ፣ ጓደኞቹ፣ የሳምንት ፕሮግራሙ። ውስጡን ስትገልጡት ሁለቱም ሥራቸውን እንደ ነፍሳቸው የሚወዱ፣ መሸነፍ የማይሆንላቸው፣ ከቤተሰብ የመጣ ሸክም የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። ልጅቷ ለኬሚስትሪ ያላት ፍቅርና ልጁ ለሜዳው ያለው ፍቅር አንድ ዓይነት በሽታ ነው። ይህን መመሳሰላቸውን ያወቁ ቀን ታሪኩ ያልቃል፤ የቀረው ወግ ነው። ደካማዎቹ ውስጥ ግን ሁለቱ ከመልካቸው በቀር የሚያገናኛቸው ነገር አታገኙም።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አስታውሱ። በዛብህ ደሃ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። ሁለቱን ያገናኛቸው ምንድን ነው? ሊያስተምራት ተቀጥሮ መግባቱ። አስጠኚው ገጸ ባሕርይ ከሆኪው ብዙ ቀድሞ እኛ ጋ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ እንቅፋቱ ላይ ነው። የበዛብህና የሰብለ እንቅፋት ሥርዓቱ ነው፤ ይቅርታ ተጠያይቀው የሚሻገሩት አይደለም። የኮሌጁ ጥንዶች እንቅፋት ወሬና ፕሮግራም ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው በመቃብር፣ ሁለተኛው በመሳሳም የሚያልቀው። በአሜሪካው የሮማንስ ገበያ ደግሞ መልካም ፍጻሜ የዘውጉ ግዴታ ነው። አንባቢዋ የከፈለችው ለዚያ ነው።

የማልወደውንም ልናገር። ጀግናዋን ለማሳመር ሌሎቹን ሴቶች ማዋረድ በጣም ይበዛል። ቀለሜዋ ብቻ ብልህ፣ የተቀሩት ደጋፊዎች ሁሉ ጅል። ስንፍና ነው። ሌላው ሽፋኑ ነው። በካርቱን የተሣለ፣ ሮዝና ሰማያዊ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ለታዳጊ የተጻፈ ይመስላል። ብዙዎቹ ግን ለአዋቂ የተጻፉ፣ የመኝታ ቤቱን በር ክፍት የሚተዉ ናቸው። የ13 ዓመት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሥዕሉን አይታችሁ አትግዙ።

ይህን ታሪክ አዲስ አበባ ላይ መጻፍ ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ግን እንዳለ ቢገለበጥ አይሠራም። የአሜሪካው ቀመር በአደባባይ ፍቅረኛ መሆን ምንም አያስከፍልም ከሚል ይነሳል። እኛ ጋ ያስከፍላል፤ ይበልጡን ለሴቷ። ፒያሳ ከወንድ ጋር ተቃቅፋ የታየች ልጅ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ የእኛ ከተማ ማስመሰል ተገልብጦ ነው የሚሠራው። እውነተኛ ፍቅረኛሞች ናቸው ፍቅረኛ እንዳልሆኑ የሚያስመስሉት። «ክላስሜቴ ነው።» «የአክስቴ ልጅ ነው።» ይህን የማያውቅ የስድስት ኪሎ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። ጥሩ ልብ ወለድ ከዚህ ቢነሳ ደስ ይለኛል፤ በአደባባይ ክላስሜት፣ በስውር ፍቅረኛ።

በቀጥታው መንገድ እንሂድ ከተባለም ምክንያቱን ከቤተሰብ መፈለግ ነው። የሠርግ ወራት ይደርሳል። እትዬ እገሊት «አንቺስ መቼ ነው?» ይላሉ። የምታሳየው ሰው ያስፈልጋታል። የወረቀት ጋብቻ የሚባለውንም ሁላችንም ሰምተናል፤ ውጭ ለመሄድ ሲባል የሚፈረም ጋብቻ። ሕግ የሚያስጥስ ስለሆነ ከዘውጉ ቀላል መንፈስ ጋር አይሄድም፤ ከባድ መጽሐፍ ግን ይወጣዋል።

ተጫዋቹን ሯጭ ባደርገው እመርጣለሁ። ሯጭ ማኔጀር አለው፣ ውል አለው፣ ስም አለው። ከለሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ እንጦጦ ይወጣል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ተኝቷል። እሷ ኬኔዲ ላይብረሪ እስኪዘጋ ታጠናለች፤ ከዚያም ዶርም ገብታ እስከ እኩለ ሌሊት። የት ይገናኙ? መስቀል አደባባይ ጥሩ ነው። ንጋት ላይ ደረጃው በሚሮጥ ሰው ይሞላል፤ ተመልካች ሞልቷል፣ አብሮ መታየትም አያሳፍርም። ስፖርት ነዋ! የመጨረሻው ትዕይንት ደግሞ ኅዳር ላይ፣ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ቀን ቢሆንስ? ከተማው በሙሉ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ፣ እሱ ፊት፣ እሷ በሺህ ሰው መሃል እያለከለከች። መሳሳሙን ግን ብትተዉት ይሻላል። ግንባሯን ቢስም አዲስ አበባ ትረዳዋለች።

አንድ ያልነካሁት ነገር መጨረሻው ነው። ድራፍት የሚባለው ምርጫ ላይ ተጫዋቹ የሚሄድበትን ከተማ አይመርጥም፤ ክለቡ ነው የሚመርጠው። ከቦስተን ተነስቶ ካሊፎርኒያ ሊደርስ ይችላል። እሷስ? 300 ገጽ ሙሉ ስለ ራሷ ሕልም ስትናገር የነበረችው ልጅ የት ትሄዳለች? ብዙዎቹ መጻሕፍት ይህን የሚፈቱት በመጨረሻዋ አጭር ምዕራፍ ነው። «ከሁለት ዓመት በኋላ» ትላለች ርዕሷ። እሱ ካሊፎርኒያ ነው፤ እሷም በአጋጣሚ እዚያው ከተማ፣ በምትመኘው ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ አግኝታለች። ማመልከቻውን መቼ እንዳስገባች የሚነግረን የለም።